ጓዳ ያስቀመጥኳት ተማሪ

ሐሙስ፣ ንጋት

ከፒያሳ ስንነሳ መንገዱ ላይ ጠራጊ ሴቶችና ውሾች ብቻ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ የሚነዳት አሮጌ ላንድክሩዘር በደብተር፣ በእንጨት መጫወቻና በአንድ ካርቶን ሻማ ተሞልታለች። ደብተሩና መጫወቻው ወላይታ ውስጥ ላለችው ለገሱባ ከተማ ልጆች ነው፤ ሻማው ለእትዬ ራሄል ሰንበት።

እትዬ ራሄል ከየመኗ ኤደን መጥተው ፒያሳ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ አይሁዳውያን ልጅ ናቸው። ዘመዶቻቸው ሁሉ አገር ለቀው ሄደዋል። ከአባታቸው የወረሱትን ሱቅ ኪራይ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ግማሹ ለጸሎት ቤታቸውና ዓርብ ማታ እዚያ አብረው ለሚበሉ ሽማግሌዎች፣ ግማሹ ገሱባ ላለው የልዩ ፍላጎት ክፍል። ክፍሉን የከፈተው መምህር ጴጥሮስ አዲስ አበባ ሳለ ወንድማቸውን ዮሴፍን ያስተምር ነበር። እኔ የሶዶ ልጅ ስለሆንኩ ከወላጆች ጋር በወላይትኛ አነጋግርላቸዋለሁ።

ቡታጅራ ሻይ በዳቦ እየበላን እትዬ ራሄል ስለ ዮሴፍ አወሩ።

"አይናገርም ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ታስቀምጠዋለች። በሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ።"

"ያሳዝናል" አልኩና ወደ መንገዱ ዞርኩ።

እኔም እህት አለችኝ። ምሕረት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አትናገርም፣ ታንጎራጉራለች፣ ሰው ሲነካት ትጮኻለች፤ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። እትዬ ራሄል ሲቀጥሩኝ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከየት እንደማውቅ ጠይቀውኝ ነበር። "ዩኒቨርሲቲ ተምሬ" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እውነቱን የምናገርበት ቀን ጠፋኝ።

ከአረካ ጀምሮ መንገዱ ዳር የዝንጅብል ጆንያ ተደርድሯል። ማንጎ ሦስቱ በብር ነው። ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ ደመና ለብሷል፤ የቀበሌው ግድግዳ ላይ የንብ ምልክት ያለበት የምርጫ ፖስተር ግማሹ ተልጦ ይንጠለጠላል።

ዓርብ፣ ገሱባ

"ይሄ መንገድ ሆዴ ያለውን ወተት ቅቤ አደረገው" አለ ጋሽ ታደሰ።

ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው። አንዲት ልጅ ባቄላ በቀለም ትለያለች። አንድ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል፤ መምህር ጴጥሮስም ጎንበስ ብሎ ገባና ፊደል አሳየው።

"ጫጫታ ሲበዛበት እዚህ ይማራል። ወጥቶ ይማር ካልኩ ሁለታችንም ቀኑ ከሰረብን" አለን።

ስንወጣ ወደ እኔ ዞረ። "አንድ ቦታ አለኝ፤ ለሴት ልጅ ብዬ የያዝኩት። የሩቅ ልጆች ባለቤቴ ዘንድ ያድራሉ። ሴት ልጆችን ግን ወላጆች ይደብቁብኛል። እስከ ሰኞ ካልተገኘች ለሌላ እሰጠዋለሁ። አንቺ ሶዶ የምታውቂያት የለችም?"

"እጠይቃለሁ" አልኩት።

ዓርብ፣ ሶዶ፣ ሊመሽ ሲል

"ሰንበትን ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻዬን? አይሆንም" አሉ እትዬ ራሄል። "የእናትሽ ቤት በእግር ቅርብ ነው ብለሽኝ የለም?"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቀድሜ ሮጬ ገባሁና ምሕረትን ጓዳ እንድታስገባት እናቴን ለመንኳት። እናቴም አስገባቻት።

እትዬ ራሄል የራሳቸውን ዳቦ ይዘው መጡ፤ እናቴ ስኳር ድንችና አቮካዶ አቀረበች። ሻማዎቹ ተለኮሱ። በእሳቸው ዘንድ ዓርብ ማታ የቤቱ ልጆች ሁሉ ይመረቃሉ።

"ልጆቹ የታሉ? አንቺ ብቻ ነሽ?"

"አዎ።"

እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መጸለይ ሲጀምሩ ከጓዳ ማንጎራጎር ተሰማ። አቋረጡ።

"ማነው?"

"የጎረቤት ልጅ ናት" አልኩ። እጃቸው አሁንም ራሴ ላይ ነበር።

እናቴ ተነሳች። "አንድ ልጅ ሌላ አለ" አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። "ልጄ ናት። ደብቂው ያለችኝ እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ላክኩ፣ ማፈር ተምራ መጣች።"

ምሕረትን ይዛት ወጣች። እትዬ ራሄል ሊነኳት አልሞከሩም። መዳፎቻቸውን ከራሷ በላይ አየር ላይ ዘርግተው ምርቃቱን ከመጀመሪያው አነበነቡ። ምሕረት ሻማውን እያየች ማንጎራጎሯን ቀጠለች። እኔን ምንም አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩ ላይ ስሸኛቸው "ቦታው እስከ ሰኞ ነው" ብቻ አሉኝ።

ሰኞ፣ የሶዶ መናኸሪያ

እትዬ ራሄል ትናንት ከጋሽ ታደሰ ጋር ተመልሰዋል። እኔ ቀረሁ። የገሱባ ሚኒባስ እስኪሞላ ምሕረትን መስኮት ዳር አስቀመጥኳት፤ ሰው እንዳይነካት እኔ መሐል ሆንኩ። ጆሮዋን ይዛ ማንጎራጎር ስትጀምር ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"ከኦቶና ሆስፒታል ነው?" አለኝ ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ታማ ነው እህቴ?"

አዎ ብዬው ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሁሉም አንገቱን ነቅንቆ "እግዚአብሔር ይማራት" ይለኝ ነበር።

"አልታመመችም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ምን አልሽ?"

ፊቴ ጋለ። "አልታመመችም! እህቴ ናት። ትምህርት ቤት ላስገባት ነው።"

ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ዶሮዋን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ ምሕረትን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"እስካሁን የት ነበረች?" አለችኝ።