ሳንቃው ስር የቀበርኩት ፔዳል

ባለቤቴ መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ይሄዳል፤ እኔ ቴስተር ፍለጋ። ወልድያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኤሌክትሪክ ማንም አላስተማረኝም። የስፌት መኪናዬ ሞተር በበዓል ሰሞን እየቆመ ቢያንገበግበኝ፣ ሠሪውም "ነገ፣ ነገ" ቢለኝ፣ አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ራሴ ከፈትኩት። ከዚያ ወዲያ ካቻቢቴ ከመቀስ ጎን ተቀመጠ። የጓዳውን አምፖል፣ የሳሎኑን ሶኬት፣ የማብሪያ ማጥፊያውን ሽቦ በየተራ አዳረስኳቸው። ባለቤቴ ወንበሩን ይይዝልኛል። እውነቱን ለመናገር ወንበር በመያዝ የሚደርስበት የለም።

አባቴና እናቴ መርሳ ናቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ነው፤ ወፍጮው ዱቄቱን ለሰው ሰጥቶ የእሳቸውን ጆሮ ይዞ ቀረ። እሳቸው ግን ይህንን አይቀበሉም። ፊት ለፊት ሲያወሯቸው ከንፈር እያዩ አጥርተው ይመልሳሉ። ከኋላ ተጠርተው ሳይዞሩ ሲቀሩ ደግሞ "ሐሳብ ይዞኝ ነው" ይላሉ። እናቴ በዚህ ሐሳብ ላይ ስንት ቀልዳለች።

"ይኸን ሁሉ ዘመን አስበው እስካሁን አንድ ነገር አለማግኘትዎ ነው የሚገርመኝ" ትላቸዋለች፣ ፊታቸው ቆማ፣ እንዲሰሟት።

አባቴ አንድ የልብ ወዳጅ አሏቸው፤ መርሳ አቅራቢያ ያለችው የግራና ሰው ናቸው፤ ማንጎና ብርቱካን ያላቸው ገበሬ። እኔ አጎቴ እያልኩ ነው ያደግሁት። ወጣት ሆነው እህል ሊያስፈጩ መጥተው ከአባቴ ጋር ከተዋወቁ ወዲህ፣ ሁለቱም ሸብተውም ጨዋታው አላለቀም ነበር። በየገበያው ቀን ወደ መርሳ ይመጣሉ፤ ፍሬያቸውን ይሸጣሉ፤ ከዚያ እኛ ቤት ጎራ ይላሉ። ዙሁርን አብረው ሰግደው እስኪመሽ ሲሳሳቁ ይውላሉ። በዚያ ዓመት ግን አጎቴ መምጣት ተዉ። እናቴ ስልክ ደወለችልኝ።

"አባትሽ 'ወዳጄ ተወኝ' ብለዋል። ቀልድ የለ፣ ጨዋታ የለ። የገበያ ቀን ደግሞ እኔ ቅመሜን ይዤ ገበያ ነኝ፤ ብቻቸውን ግድግዳ ሲያዩ ነው የሚውሉት።"

አባቴ ቀልድ ትተዋል ስትለኝ አላስቻለኝም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ።

ወደ ሰፈራችን ታጥፌ ስገባ አጎቴን በራችን ላይ አየኋቸው። ከበራችን ፊት የጎርፍ ቦይ አለ፤ በላዩ ሳንቃ ተጋድሞበታል። ሳንቃው ላይ ቆመው "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ቆይተው ደገሙ። ሦስተኛውን ብለው ጥቂት ጠበቁና ፊታቸውን አዞሩ።

እኛ ዘንድ እንግዳ ደጅ ሆኖ ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ካልተመለሰለት ቅር ሳይለው ይሄዳል። የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ አይገባም፤ ሥርዓቱ ነው። ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ሮጬ ደረስኩባቸው።

"አጎቴ፣ ይግቡ እንጂ። አባ እኮ ውስጥ ናቸው።"

"ውስጥ መሆኑንማ አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "ሦስት ጊዜ ሰላም አልኩ፣ አልመለሰልኝም። ባለፈውም እንዲሁ፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። እኔ ቅሬታ የለኝም።"

ቅሬታ የሌለው ሰው ፊት እንደዚያ አይጠቁርም።

"አልሰሙዎትም እኮ። ጆሯቸው ደክሟል።"

"የማን ጆሮ? የሱ? ወፍጮው እያጓራ፣ ሰዉ ሁሉ በእጅ ምልክት ሲግባባ፣ እሱ እኔን ይሰማኝ ነበር። ዛሬ እንዲህ ጭር ባለ ደጅ አልሰማህም ትይኛለሽ?"

ያኔም የሰሟቸው በዓይናቸው መሆኑን ላስረዳ ብሞክር መኪና ሊያመልጣቸው ሆነ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ያየሁትን ነገርኳቸው። ከንፈሬን አተኩረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መጥቶ ቢሆን እሰማው ነበር። አንቺ ልታስታርቂን ብለሽ ነው የምትዋሺው።"

አንዱ "ወዳጄ ጆሮ አለው" ብለው ይምላሉ፣ ሌላው "ጆሮ አለኝ" ብለው ይምላሉ፤ የሌለ ጆሮ ሁለት ምስክር አገኘ። ሁለቱንም አንድ ክፍል አስገብቼ ብቆልፍባቸው ደስታዬ ነበር። በሩን እኔ ብከፍትስ? እኔ በየገበያው ቀን መርሳ አልገኝ። ደግሞ አጎቴ የሚፈልጉት የበር መከፈት ሳይሆን የወዳጃቸውን መልስ ነው። አባቴ ራሳቸው መነሳት ነበረባቸው።

ደወል አይሰሙም። ስለዚህ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል አልኩ። ወልድያ አንድ ጋራዥ ሄጄ ከተገለበጠ ባጃጅ የተፈታ ፍሬቻ ገዛሁ፤ ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ዕቃ ጭምር። ከሞተር ሳይክል ባትሪና ጣሪያ ላይ ከሚቀመጥ ትንሽ ሶላር ጋር ላገናኘው አሰብኩ። የግድግዳውን መብራት ወደ ደጅ አላወጣም፤ ደጅ ዝናብ አለ፣ እርጥብ እግር አለ። አሥራ ሁለት ቮልት ግን ዝናብ ላይ ቆመው ቢነኩትም ሰው አይጥልም። መብራት ቢጠፋም ጉዳዩ አይደለም።

መርሳ ተመልሼ ለአባቴ "ለእናቴ ነው፤ ከገበያ ስትመጣ ቶሎ እንዲከፈትላት" አልኳቸው።

"ደግ አድርገሻል" አሉ። "እሷ ድምፅዋ አይሰማም።"

ፍሬቻውን እሳቸው ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ሽቦውን በጣሪያው ጠርዝ አሳልፌ በአጥሩ ወደ በሩ ወሰድኩ፤ መገጣጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ ጠቀለልኩ። በሩ ምሰሶ ላይ በጣት የሚጫኑት ነጭ መጫኛ ገጠምኩ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ፍሬቻውን እያየሁ እናቴ ደጅ ሆና ስትጫነው ሳሎኑ በቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። አባቴ ግድግዳውን አዩት።

"ቤቱ ወደየት ሊታጠፍ ነው?" አሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነበር። ከወንበሩ ልወድቅ ስል ባለቤቴ ናፈቀኝ።

ግን መጫኛዬን የሚጫን ጠፋ። አንዱ ይነዝራል አለ። ሌላው እንደ ወትሮው "ቤቶች" ብሎ ተጣርቶ ሄደ። አንዲት ጎረቤታችን ጣቷን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ተጫነችውና ሮጠች፤ አባቴ ሲወጡ ባዶ መንገድ ጠበቃቸው። የገበያው ቀን ደረሰ። እኔ በእናቴ የቅመም መደብ ላይ ተቀምጬ "በርበሬው ስንት ነው" ለሚለኝ ሁሉ ሌላ መልስ እየመለስኩ ሳለ አጎቴ መጡ።

"ደጁ ላይ የለጠፍሽው ነጭ ነገር ምንድን ነው?"

"እሱን ሲጫኑት አባ ይወጣሉ። አልተጫኑትም እንዴ?"

"ሰላምታ በጣት ነው እንዴ ልጄ? የቢሮ በር አስመሰልሽው" አሉ። "ሦስቱን ብዬ ተመለስኩ።" ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "ስላንቺ ስል የሚመጣው ገበያ ልምጣ፣ ኢንሻአላህ። ከዚያ ወዲያ ግን ይበቃኛል። ሽማግሌ ሰው ደጅ ላይ ሲመላለስ ሰው ያያል፤ ያሳፍራል።"

እናቴ ሚዛኑን አስቀምጣ አየችኝ። እኔም በሐሳቤ ያየሁት አባቴን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን የገበያ ቀኖች በሙሉ ግድግዳ ሲያዩ።

ወልድያ ተመልሼ የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ላይ ተቀመጥኩ። አእምሮዬ መርሳ በር ላይ ነው። እጄ ጨርቅ ይገፋል፤ እግሬ የሞተሩን ፔዳል እየረገጠ መኪናው ይሮጣል። ድንገት እግሬን አየሁት። እኔ ሞተር የማስነሳው በጣቴ ነው እንዴ? እግሬ ሳላዝዘው ይረግጣል፣ መኪናው ይነሳል። አጎቴም ሳያዟቸው የሚረግጡት ነገር አላቸው፦ ሳንቃው። እሱን ሳይረግጥ ከበራችን የሚደርስ ሰው የለም። ቀሚሱን እንዳለ ጣልኩት። ባለቤቴ "ምን ሆንሽ?" ሲል "ሳንቃው፣ ሳንቃው" ብቻ ነው የምለው፤ ሊያዝንልኝ ምንም አልቀረው።

ሥራው ቀላል ነበር። ከዘይት ቆርቆሮ ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ ቆረጥኩ። በአንዱ ላይ አንዱን ሽቦ፣ በሌላው ላይ ሌላውን አሰርኩ። እንዳይነካኩ በመሐላቸው፣ ጥግ ጥጉ ላይ፣ ስፖንጅ አደረግሁ፤ ኮት ስሰፋ ትከሻው ውስጥ የምከተውን ያንኑ። ሰው ሲረግጥ ስፖንጁ ይጨመቅና ቆርቆሮዎቹ ይነካካሉ፤ መብራቱ ይበራል። ሰውየው ሲወርድ ይጠፋል። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልዬ ዙሪያውን በመኪናዬ ሰፋሁት። መርሳ ወርጄ ነጩን መጫኛ ነቀልኩና ጥቅሉን በበሩ በኩል ካለው የሳንቃው ጫፍ ስር አስተኛሁት። የቸገረኝ ስፖንጁ ብቻ ነበር፤ ሳንቃውን የሚሸከም፣ ሰውን ግን የማይሸከም መሆን አለበት። አንድ ስጨምር እናቴ ላዩ ላይ ብትዘልም አይበራም፤ አንድ ስቀንስ ማንም ሳይረግጠው ይበራል። ግማሽ ትከሻ ቆርጬ ስጨምር ልኩ መጣ።

ልኩ መጣ ያልኩት ፍየሎቹን ረስቼ ነው። የጎረቤት ፍየሎች በአጥራችን ላይ ያለውን ቅጠል ይወዳሉ፤ ለመድረስ ሳንቃው ላይ ይቆማሉ። መብራቱ በራ፤ አባቴ ተነስተው ወጡ፤ ፍየል። ገብተው ሳይቀመጡ በራ፤ ወጡ፤ ያችው ፍየል። እናቴ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን አፈርኩ፤ ካቻቢቴዬን ይዤ ስፖንጅ ልጨምር ስወጣ አባቴን በሩ ላይ አገኘኋቸው። ፍየሏን ሊያባርሩ ወጥተው ውኃ ጭና የምታልፍ ሴት ሰላም ብላቸዋለች፤ እሷን ሲመልሱ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሁሉም ፊታቸው ላይ ነው፣ ሁሉንም በዓይናቸው ይሰማሉ። ወሬው ደርቷል።

"አባ፣ ላስተካክለው፤ ፍየሎቹ አስቸገሩዎት።"

"ተያት" አሉኝ። "በሷ ሰበብ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አገኘሁ።"

ደስ አለኝ፤ ስፖንጁንም ተውኩት።

የገበያው ቀን ጠዋት እናቴ ቅመሟን ይዛ ወጣች። እኔ ሳሎን ውስጥ አንድ ሱሪ ይዤ እዘመዝማለሁ፤ ክሩ አሥር ጊዜ ወለቀብኝ። ምንም ቢሆን ላልነሳ ከራሴ ጋር ተማምያለሁ። ፍየሏ ጠዋቱን ሁሉ ስትመላለስ አባቴም ሲመላለሱ፣ ከቀትር በፊት ጉልበታቸው ደከመና ትዕግሥታቸው አለቀ። ፍሬቻው እንደገና በራ። አባቴ አልተነሱም።

"ትብላ፤ የፈለገችውን ትብላ" አሉ።

ከውጭ "አሰላሙ አለይኩም" የሚል ድምፅ መጣ። የአጎቴ ነው። መብራቱ ግድግዳው ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አባቴ አይተውት ፊታቸውን አዞሩ። ሱሪውን ጨምድጄ ያዝኩት። ሁለተኛው ሰላምታ መጣ። መሐላዬን ላፈርስ ከወገቤ ብድግ ስል አባቴ ቀደሙኝ። መብራቱ አልጠፋ ሲላቸው ብሽቅ ብለው ዱላቸውን አነሱና እየተንገዳገዱ ወጡ። እኔም ተከተልኩ። በሩን በአንድ ጊዜ በረገዱት።

"አንቺ ቀበጥ፣ ሂጅ ከዚህ! ዛሬስ ወገብሽን—"

አጎቴ ሳንቃው ላይ ቆመዋል። አንድ ፌስታል ማንጎ ይዘዋል። የአባቴ ዱላ ከራሳቸው በላይ ተነስቷል።

"ገና አንድ ሰላምታ ቀርቶኛል" አሉ አጎቴ ቀስ ብለው። "ዱላውን አውርደውና ልጨርስልህ።"

አባቴ ዱላውን አወረዱት። ወዳጃቸውን አዩ፤ ሳንቃውን አዩ፤ እኔን አዩ። ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ።

"አልሰማሁህም" አሉ። "ወላሂ አልሰማሁህም። ፍየል መስለኸኝ ነው። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል።"

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ እናቴም ሰምታ አታውቅም። አጎቴ ማንጎውን ሳንቃው ላይ አስቀመጡ።

"ታዲያ በዚያ ሁሉ ገበያ እኔ ደጅህ ላይ ሰላም ስል..."

"ወዳጄ ተወኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር።"

"እኔም ጠላኝ ብዬ ነበር" አሉ አጎቴ። ጨዋታቸውን ግን አልተዉም። "በል እንግዲህ፣ የተሰጠ ሰላምታ መልስ ይፈልጋል። የዚያን ሁሉ ገበያ አንድ በአንድ መልስልኝ።"

"ወአለይኩም ሰላም" አሉ አባቴ። "ወአለይኩም ሰላም። ወአለይኩም ሰላም።" እያሉ ቀጠሉ። የሚያልፍ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ ሳቀ። አጎቴ እንባቸው መጣና እንዳይታዩ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

"በቃ፣ ይበቃል ወንድሜ" አሉ ወደዚያው ዞረው።

ከንፈራቸው ስላልታየ አባቴ አልሰሙም። መመለሳቸውን ቀጠሉ።