ዊዝድሮው የምን መድኃኒት ነው?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን የተውኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ መሬት መሬቱን ነው የማየው። የታናሽ እህቴን የራስ ምታት ነገር ግን ሳልጽፈው መቀመጥ አልቻልኩም።

እህቴ ከደብረ ሲና በላይ፣ ደጋው ላይ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። እኔ ሸዋ ሮቢት፣ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ የማሾ እህል እለቅማለሁ። አንድ እሑድ ደወለችና እናታችን ስልኩን ላውድ አደረገችው።

«እማዬ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ደብተር ስገልጥ ፊደሉ ይደባለቅብኛል።»

«ምች ነው ልጄ! ዳማከሴ ጨምቀሽ ጠጪ።»

«ጠጣሁ፤ አልተወኝም። በቃ፣ ነገ ዊዝድሮው ላደርግ ነው።»

«አድርጊ የኔ ሆድ! ካሻለሽማ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እህቴ በቀጭን ድምፅ «እሺ» ብላ ዘጋችው። እናቴ ግን ፊቷ በራ። «ተመስገን፣ መድኃኒት አገኙላት!» አለች።

ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር አንድ መምህር አለ። ለእናቴም የወገብ ሕመም ይሆን እንደሆን ብዬ ያኑ ዕለት እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ዊዝድሮው ፋርማሲ ይገኛል?»

«ምን?»

«ዊዝድሮው። ለራስ ምታት የሚደረገው።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አንቺ ልጅ፣ መድኃኒት አይደለም እኮ! ትምህርት አቋርጦ መውጣት ማለት ነው።»

ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። የስልኩ ብርሃን ራሷን ስለሚያማት ነበር ለካ የምታጠፋው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ከካራቆሬ መጥቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ብቻዬን ቅርባችን ካለችው ከጀውሃ አልፌ አላውቅም ነበር! ደብረ ሲና እንኳ ሳንደርስ ረዳቱን «ደረስን?» አልኩት።

«ምነው እህት፣ ሙሽራው ጥሎሽ እየሄደ ነው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ነበር። ያን ቀን ግን «አዎ! ቶሎ ንዳው በልልኝ» አልኩት። ከደብረ ሲናው ዋሻ ወጥተን ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ እንኳ ደስ አለኝ፤ ቀርበናላ!

የዩኒቨርሲቲው በር ጥበቃዎች እህቴን አስጠሩልኝ። ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ፀሐዩን እየሸሸች መጣች።

«እታለም! እማዬ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አደረግሽው?»

«ምኑን?»

«ዊዝድሮውን!»

«ልሄድ ስል ነው የጠሩኝ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እማዬ ራሷ አድርጊ አለችኝ እኮ። አይሆንም ብትለኝ፣ ተማሪ ብትለኝ ብዬ ነበር የነገርኳት። እሷም ተስፋ ከቆረጠችብኝ…»

«መድኃኒት መስሏት ነው!»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ሳቀች። «ወይኔ! አታስቂኝ፣ ራሴን!»

አጥሩ ሥር ተቀምጠን አወራችኝ። ፈተና ከቀረበ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ቁርስ ትታለች፤ ከጓደኞቿም ጋር አታወራም። እወድቃለሁ ብላ ስትፈራ ያማታል፤ ሲያማት ደግሞ ማጥናት አቅቷት የባሰ ትፈራለች። ዶርሟ ውስጥ ራሷን በሻሽ የምታስር እሷ ብቻ አልነበረችም።

«ክሊኒክስ?»

«ሰነፍ ናት፣ ሰበብ ፈለገች እንዳይሉኝ አፈርኩ።»

እጇን ይዤ ወሰድኳት። ማንም አልሳቀባትም፤ ሐኪሟ በደንብ ጠይቃ መረመረቻትና ማይግሬን እንደሆነ ነገረቻት። ክኒን ሰጠቻት፤ ምግብና እንቅልፍ እንዳትዘል አስጠነቀቀቻት፤ ካልተሻለሽ ተመለሺ አለቻት። እህቴ በልታ፣ ክኒኗን ውጣ ተኛች። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

ከሰዓት በኋላ ልትሸኘኝ ወጣች። ሕመሙ ጨርሶ አልተዋትም፤ ዓይኗ ግን ተገልጧል። ልታቋርጥ ትሆን እያልኩ ልጠይቃት ፈራሁ፤ መኪናው በር ላይ ቆሜ እሷን እሷን አያለሁ። ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ።

«ግቢ በቃ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ፤ እኔም ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ።»