ከመስቀሉ ሥር የነበረችው አጥንት

የትናየት በላስታ ምድር የሰው አጥንት እያየች የምትኖር ሴት ነበረች። ከብልባላ ከበቅሎ የወደቀ ቢመጣ፣ በጋሸና መንገድ መኪና የተገለበጠበት ቢመጣ፣ ላሊበላ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለችው አነስተኛ የግል ክሊኒክ ተቀብላ ራጅ የምታነሳው እሷ ናት። ሐኪሙ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ፣ ፊልሙን አጥባ "ይኸ ተሰብሯል፣ ይኸ ደኅና ነው" ብላ መጀመሪያ የምትለየውም እሷው ነበረች። በሥራዋ ትኮራ ነበር፤ ኩራቱም ያምርባታል።

በ2007 ዓ.ም. ግን ፌስቡክ የሚሉት ነገር ገባባት። አዲስ ስልክ ከገዛች ወዲህ አልጋዋ ላይ የምትወጣው ለስሙ ነው። አንዱ ሲሞሸር ታያለች፣ ሌላው ሲሰደብ ታነባለች፣ ለማታውቀው ሰው ልደት "እንኳን ተወለድክ" ትላለች። ጠዋት ዓይኗ በርበሬ መስሎ ክሊኒክ ትገባለች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት "አቧራ ነው" ትላለች። በመስከረም ጭቃ ምን አቧራ አለ!

በዚያው መስከረም መምሬ ሰይፈ ሥላሴ መጡ። የቤተሰቧ የነፍስ አባት ናቸው። ከአሸተን ማርያም ሲወርዱ ጭቃው አንሸራቷቸው በቀኝ እጃቸው ተደግፈው ወድቀዋል፤ አንጓቸው አብጧል። እንዲያም ሆኖ የእጅ መስቀላቸውን በዚያው በታመመው እጃቸው እንደጨበጡ ናቸው።

"ልጄ፣ እንደምንም ብለሽ አድኝልኝ" አሉ። "ጥር ላይ ታቦቱን የማወጣው እኔ ነኝ።"

እውነታቸውን ነው። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በየጥምቀቱ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው፣ በእጃቸው ደግፈው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ያ እጅ ካልጸና ታቦቱን የሚያወጣው ሌላ ቄስ ይሆናል፤ መምሬም ከዚያ ቀን የበለጠ የሚሳሱለት ነገር አልነበራቸውም።

ራጅ ሲነሳ ብረት ከሰውነት ይወርዳል። ቀለበትም ይሁን ሰዓት፣ የትናየት ያለ ርኅራኄ ታስወልቃለች። የነፍስ አባቷን "መስቀሉን ያስቀምጡ" ለማለት ግን ምላሷ ተሳሰረ። ተሳለመችና እጃቸውን ከነመስቀሉ አስተካክላ አነሳች። እንቅልፉም ተጭኗት ነበር፤ ንቁ ብትሆን ኖሮ መላ አታጣም ነበር። ፊልሙ ሲወጣ የመስቀሉ ግርጌ አንጓቸው ላይ ነጭ ሆኖ አርፏል። ስብራት አልታያትም። "ወለምታ ነው አባቴ፣ ይድናል" ብላ ሸኘቻቸው። ፊልሙ ግን ከነመስቀሉ እንዴት አምሮ ታያት! ስም ሳትጠቅስ በስልኳ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው።

ጉድ ፈላ። ከዱባይም ከሐዋሳም ስሙን ከማታውቀው አገርም "አሜን" ይጎርፍ ጀመር። እሷም ለያንዳንዱ አሜን መልስ ስትሰጥ እንቅልፍ የሚባለው ነገር ጭራሽ ተረሳ።

ጥቂት ሰንብቶ ቃለሕይወት የሚባል ሐኪም ለምርምር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መጣ። የሚያጠናው በራጅ ላይ ሳይታዩ ስለሚያልፉ ስብራቶች ነው። የቆዩ ፊልሞችን ይከልሳል፤ ያነበበውን ሰው ደግሞ ምን ያህል ትተኛለህ፣ ከመኝታ በፊት ስልክ ትነካካለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የትናየት በሆዷ "አጥንትና እንቅልፍን ምን አገናኛቸው?" ብላ ስቃበታለች። የመምሬን ፊልም መስኮቱ ላይ አድርጎ ሲያይ ግን ጣቱን መስቀሉ ላይ አሳረፈ።

"ያምራል" አላት። "ከመስቀሉ ሥር ያለችውን አጥንት ማን አያት?"

ክው አለች። ከአውራ ጣት ሥር ያለች ትንሽ አጥንት ናት፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ የምትሰበረው፣ በጊዜ ካልታሰረችም ሳትገጥም የምትቀረው። ያ ሁሉ ሕዝብ አሜን ሲል አንድም ሰው አላያትም። ማየት የነበረባት ደግሞ የትናየት ነበረች። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ለመምሬ እጅ ፈራች።

በማግስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የአሸተንን ዳገት ወጣችው። መምሬን ከደጀ ሰላሙ አገኘቻቸው። ወጌሻ አሽቷቸው እብጠቱ ብሷል፤ ጉርሻ እንኳ ከእጃቸው ይወድቃል። መስቀሉን ግን በሕመም እያላባቸውም ቢሆን በቀኛቸው ይዘዋል።

"አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለቻቸው። "ያን ቀን ስልክ ሳይ አድሬ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ደግሞ መስቀሉን ያስቀምጡ ለማለት ፈራሁዎት። ከሥሩ ያለው አጥንት አልታየም። እባክዎ እንደገና ላንሳዎት።"

መምሬ ትኩር ብለው አዩዋት። ቁጣ ጠብቃ አንገቷን ደፋች።

"ይችን ነው የፈራሽ?" አሉ መስቀሉን እያዩ።

"አዎ፣ አባቴ።"

"አንቺየዋ፣ ሁለት እጅ እኮ ነው ያለኝ!" አሉና መስቀሉን ወደ ግራቸው አዛወሩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። የትናየት ግን መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ሁለተኛው ፊልም ላይ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ አጥንቷ ከቦታዋ አልራቀችም። የትናየት "እሰይ! ደርሰንባታል!" ብላ ጮኸች። ቃለሕይወት ጀሶ አሰረላቸው። እሷም ያን ዕለት ስልኳን ክሊኒክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። መጀመሪያ እጇ ይበላት፣ ይቅበዘበዛት ነበር፤ ሲውል ሲያድር እንቅልፍ እንደ ድሮው ይወስዳት ጀመር። ጠዋት ፊልም ስታነሳ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ሳትቀር ትታያታለች። ቃለሕይወት ጥናቱን ሲጨርስ ደውሎ፣ በሰበሰበው ፊልም ሁሉ ከስልክ ጋር የሚያድሩት ሰዎች ብዙ ስብራት እንዳመለጣቸው ነገራት። "እኔን ጠይቀኝ!" አለችው። የመጣ ቄስ ሁሉ ደግሞ ከበር ጀምሮ "አባቴ፣ መስቀሉን ወደ ግራ" ይባላል፤ አንድም የተቆጣ የለም።

ታኅሣሥ ላይ ጀሶው ተፈታ። ሦስተኛው ፊልም ከጨለማው ክፍል ሲወጣ አጥንቷ ገጥማለች። መምሬ የገዛ አጥንታቸውን በመስኮቱ ብርሃን አይተው አማተቡ።

ጥር ገባ። በከተራ ዕለት መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው ከደጁ ብቅ አሉ። ቀኝ እጃቸው ከፍ ብሎ ደግፎታል፤ አይንቀጠቀጥም። ሕዝቡ በአንዴ መሬት ሳመ። የትናየት ግን ለአፍታ ቆማ ያችን አንጓ አየች። ከዚያ እሷም ሰገደችና ድምጿ እስኪዘጋ እልል አለች።