ተምች ያልነካቸው አገዳዎች

አገርነሽ መሬት ላይ የወደቀ እህል አይታ ማለፍ አይሆንላትም። እናቷ «የተረገጠ እህል ይረግማል» እያሉ ነው ያሳደጓት። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ በሐይቁ ዳር ባለ የሙከራ ማሳ በቀን ሠራተኝነት ስትቀጠርም ልማዱ አልለቀቃትም። በሰኔ፣ በዘር ጊዜ፣ ከጆንያ የፈሰሰ በቆሎ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። በኋላ ልትመልሰው አስባ ነበር፤ ረሳችው። ቤት ስትገባ አማቷ እመይት ወለተ ሩፋኤል ቋጠሮውን ፈትተው፣ በቆሎውን ከራሳቸው ዘር ደባልቀው ጓሮ ዘሩት።

አገርነሽ የሆነውን የተረዳችው በፍልሰታ ጾም፣ ተምች ጓሮውን ሲወርረው ነው። የሌላው ሁሉ ቅጠል ወንፊት ሲሆን፣ ጥቂት አገዳዎች አንዲት ቀዳዳ እንኳ ሳይኖርባቸው ቆመዋል። አማቷ ደስ ብሏቸው በልጥ ምልክት አሰሩባቸው።

«የከርሞ ዘሬ ከእነዚህ ነው» አሉ።

የሙከራው በቆሎ ልውጠ ሕያው የሚባለው ነው። አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ስለገባበት፣ ተምቹ ቅጠሉን ሲቀምስ ይሞታል። ይህ በራሱ ድንቅ ነው፤ የበቆሎ አረባብ ግን ከዚህም ይደንቃል። አናቱ ላይ ያለው አበባ ወንዴ ነው፤ ጎኑ ላይ የሚንጠለጠለው ጢም ሴቴ። እያንዳንዷ የጢም ዘለላ ከአንዲት ፍሬ ጋር ተያይዛለች፤ ነፋስ ያመጣው ብናኝ ካልደረሳት ፍሬዋ አትሞላም። ብናኙ የየትኛው በቆሎ እንደሆነ ጢሙ አይጠይቅም። የሙከራው ማሳ ከሌላ በቆሎ ርቆ የሚዘራውም ለዚሁ ነው።

አገርነሽ መቀመጥ አቃታት። ወጡን አማስላ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ከሐይቁ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር የአገዳዎቹን አናት ታያለች። አበባው ገና አልፈነዳም፤ ነገ ግን ይፈነዳ ይሆናል። ብትናገር ከሥራ ትባረራለች። ዝም ብትል የአማቷ የቆየ ዘር ይቀላቀላል።

«እመይቴ፣ እነዚህን እንንቀላቸው» አለች በመጨረሻ።

«ምን ነካሽ? ተምች የፈራውን ነቅዬ ተምች የጠገበበትን ላስቀር?»

«የእርስዎ ዘር አይደሉም። ከሥራ ቦታ በነጠላዬ ቋጥሬ ያመጣሁት ነው።»

አማቷ እጃቸውን ከአገዳው ላይ አነሡ። «መርዝ ነው?»

«ለተምቹ ነው፤ ለሰው መርዝ ነው አላሉም። ግን ገና እየተፈተነ ነው፣ ይዘራ አልተባለም። አበባው ከፈነዳ ብናኙ ለሌላው ሁሉ ይደርሳል። ያኔ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ።»

«ተምቹ ያውቀዋል» አሉ አማቷ። ከዚያ የተበሳሳውን የራሳቸውን በቆሎ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ይህን ዘር እናቴ የሰጠችኝ ስዳር ነው። ተምች በላው ብዬ አልለውጠውም። ንቀይ።»

አገርነሽ አንድ በአንድ ከሥራቸው ነቅላ ጆንያ ውስጥ ከተተች።

«ለኃላፊው ለአቶ ግሩም ልንገር። መጥተው ጓሮው በሙሉ ይቆረጥ ሊሉ ይችላሉ።»

«እንግዲያማ እኔም እሄዳለሁ» አሉ አማቷ ነጠላቸውን እያጣፉ። «አንች ጥፋትሽን ንገሪያቸው። የኔን ዘር ነገር ለኔ ተይው።»

አማቷ መንገዱን ፊት ፊት ያዙት። አገርነሽ ጆንያውን ተሸክማ ብትሮጥም ልትደርስባቸው አልቻለችም።