ጋሽ ጆሮ ያላገኘው ብልሽት

«ና በሉት ነፋሱን፣ በሩን ይክፈትና… እምም፣ እምምም…»

ከዚህ አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የብየዳ ካውያው በጋለ ቁጥር ይቺን ስንኝ ይጀምራታል፤ ቀጣይዋን ግን ነፋሱ ራሱ ይዟት ሄዷል። መጀመሩንም አያውቀውም። ሥራው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነው፤ ሳይከፍት፣ በመስማት ብቻ ብልሽቱን ስለሚለይ ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል።

ያን ቀን ጧት ሴት ልጁ ፍላሽ ይዛ ከች አለች። እሷ እየዘፈነች፣ አንድ ዝምተኛ ጓደኛዋ ኪቦርድና ኮምፒውተር እየነካካ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ዓመት የለፉበት የመጀመሪያ ሥራቸው ነው።

«አባዬ፣ ከምሳ በኋላ ለሬዲዮ ጣቢያ ልንሰጠው ነው። አንተ ሰምተህ እሺ ካላልክ ግን አንሰጥም።»

«እኔን ምን አገባኝ?»

«ስማው ብቻ» ብላ ወጣች።

ፍላሹን ሰክቶ አምፕሊፋየሩን ከፈተ። ከበሮው እንደ ልብ ይመታል፤ ሰው የመታው ግን አይመስልም። የልጁ ድምፅ ዝናብ ካረጠበው መስታወት ጀርባ እንደሚጣራ ሰው፣ ከሩቅ ይመጣል። አዝና ይሁን እንቅልፍ ጥሏት አልለይለት አለ። እቤት ስትስቅ አይደል እንዴ የምትውለው? መቼ ነው እንዲህ የከፋት? ደግሞ ከሥር፣ ከሁሉም በታች፣ እምምም የሚል ወፍራም ጉምጉምታ አለ።

ይሄኔ እፎይ አለ። ሌላው ባይገባውም ጉምጉምታ ያውቃል።

«ይሄማ የመብራት ነው» ብሎ አምፕሊፋየሩን ፈታው። ካፓሲተሩን በአዲስ ተካ፤ ጉምጉምታው አለ። የመሬት ሽቦውን አጠበቀ፤ አለ። ስፒከር ቀየረ፤ አለ። ዘፈኑን ሲያቆመው ግን ጸጥ! ሐኪም ሲያይ እንደሚድን በሽተኛ። ግራ ገባው። የልጁን የአንድ ዓመት ልፋት በታመመ ማሽን ሰምቶ እንዴት ይፈርዳል?

ሱቁ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ባለቤቱ በመሃል በር ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሾርባው ሁለቴ ተሞቀ!»

«መጣሁ።»

«ከቅድም ጀምሮ እየመጣህ ነው። ምነው፣ መንገዱ ራቀህ?»

ልጅቷ ስትመለስ የአምፕሊፋየሩ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፏል።

«አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ልጄ፣ ዘፈንሽ ውስጥ ጉምጉምታ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እሱን ሳላወጣ እሺም እምቢም አልልሽም።»

አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች፣ እሱንም አላወቀውም።

«አታውጣው። አንተ ነህ እኮ።»

«ምኑ?»

«ጉምጉምታው። ስትሠራ ከጀርባህ ሆኜ በስልኬ ቀዳሁህ። ጓደኛዬ አዘገየው፣ አወፈረው። ሳላስፈቅድህ ማውጣቱ ከበደኝ፤ ስትሰማው የሚታወቅህ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ? እኔ ደግሞ መቼ አንጎራጉሬ አውቃለሁ?»

ከበሩ በኩል ሳቅ ፈነዳ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ!» አለች ባለቤቱ። «ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። አንተ ብቻ ቀረህ!»

የሰውን ማሽን ሁሉ የሚለይ ጆሮ የጌታውን ድምፅ ሳተ። አምፕሊፋየሩን ገጣጥሞ እንደገና ከፈተው። አሁንም እሱን አልመስል አለው። ስንኙ የሚጠፋበት ቦታ ሲደርስ ግን፣ ልክ እዚያ ላይ፣ የልጁ ድምፅ ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል፤ ቃል የለውም፣ ግን አይወድቅም። ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሶ ሰማት።

«አልገባኝም» አለ።

«እሺ ነው ወይስ እምቢ?»

«አልገባኝም አልኩ እንጂ አይሂድ አልኩ? ስጡት።»

እጁን ታጥቦ ገባና ለሦስተኛ ጊዜ የተሞቀው ሾርባ ፊት ተቀመጠ። ማንኪያውን እንዳነሣ፣ «ና በሉት ነፋሱን…» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሰማው። ደንግጦ ልጁን በጎን አያት፤ ስልኳ ከዳቦው አጠገብ ተቀምጧል።

«አጥፊው!»

«ብላ አባዬ፣ ይቀዘቅዛል።»

ስልኩን እያየ፣ በየማንኪያው መሃል አፉን ግጥም እያደረገ፣ በላ።