የተደበቁት ብረቶች

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ባስ ላይ ሆኜ ኢሜይል ደረሰኝ። "የሰመር ዕረፍትሽን ከእኛ ጋር እንድትሠሪ ወስነናል" ይላል። ጮህኩ። ሹፌሩ በመስተዋት አየኝ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ደስታዬን ለሁሉም ሰው ነግሬያለሁ። ከደስታው በፊት የነበረውን አንድ ሰዓት ተኩል ግን ለማንም በደንብ አልተናገርኩም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ነው። ጋሼ ሙሉጌታ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። የደረጃና የበረንዳ ብረት በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ በያጅ ናቸው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር ንድፍ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ለአዲስ ገቢዎችም አስረዳለሁ። "ወርክሾፓችን ለሰመር ንድፍ የምትሠራ ተማሪ ይፈልጋል" አሉና የፕሮግራሙን ስም ጠሩልኝ። "ታውቂዋለሽ አይደል?"

አላውቀውም። እኔ የማውቀው ተፎካካሪውን ነው። ግን እናቴ ቆማለች፣ አባቴ ቆሟል፣ የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ አልማዝም ፈገግ ብለው ያዩኛል። ጋሼ ደግሞ "የኛ ልጅ እኮ ጎበዝ ናት" እያሉ ነው። እንደዚህ ሲባል አንገት ይነቀነቃል እንጂ ምን ይደረጋል? ነቀነቅኩ።

"በቃ፣ ለኔ ተዪው! ለአለቃዬ 'ልጅቷ ታውቃለች' ብዬ በስሜ እነግራታለሁ።"

ያቺን "በስሜ" ቤት ድረስ ይዣት ሄድኩ።

ወርክሾፑ ሳይቀጥረኝ የሚሰጠኝ ፈተና ከአስር ቀን በኋላ ነበር። አዲሱን ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ጀመርኩ። ምንም ባላውቅ ይሻለኝ ነበር! እጄ ሦስት ዓመት የለመደውን ይሠራል። ንድፉን ላዙር ስል ይንሸራተታል፣ ላቅርብ ስል ይርቃል። "ይሄ ማውስ ተበላሽቷል" እያልኩ ስቆጣ ታናሽ እህቴ ሶሊያና "ማውሱ ደህና ነው፤ አንቺ ነሽ የተበላሸሽው" ትለኛለች።

የፈተናው ቀን ጋሼ ሙሉጌታ ከሰፈራችን ከፋልከንሪጅ በመኪናቸው ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ያወራሉ። አንዴ ደፍሬ "ጋሼ..." ብዬ ጀምሬ ነበር። "አቤት?" ሲሉኝ "ሂተሩን ትንሽ ይቀንሱልኛል?" አልኩ።

አለቃቸው ዶና ቶሎ የማትስቅ ሴት ናት። የአንድ ደረጃ ልኬት ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። የደረጃውን መደገፊያ ከአስራ አንድ ቋሚ ብረቶች ጋር ገጣጥሜ መሥራት፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያወጣውን የብረት ዝርዝር አትሜ ማስረከብ። አንድ ሰዓት ተኩል። "እዚህ ብረት የሚቆረጠው በዝርዝሩ ነው" አለችኝና ወጣች።

መጀመሪያው ደህና ሄደ። ቋሚዎቹን መትከል ስጀምር ግን ብረቶቹ መጥፋት ጀመሩ። አንዱን ተክዬ ወደሚቀጥለው ስሄድ የቀደመው የለም። መልሼ ሠራሁት። ሌላው ጠፋ። እሱንም መልሼ ሠራሁ። ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ወዲያ ጋሼ ሙሉጌታ የብየዳ መከላከያቸውን ወደ ላይ ገፍተው "አይዞሽ" በሚል ዓይን ያዩኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ።

አስር ደቂቃ ሲቀረኝ አስራ አንዱም ስክሪኑ ላይ ቆመዋል። ተመስገን! ዝርዝሩን አወጣሁ። እንደ ልማዴ ንድፉ ላይ ያሉትን በጣቴ ቆጠርኩ፤ አስራ አንድ። ዝርዝሩ ላይ ግን አስራ ስምንት።

ያን ጊዜ ስለ አዲሱ ፕሮግራም ያየሁት አንድ ቪዲዮ ትዝ አለኝ። በድሮው ፕሮግራም ታብ የሚባለውን ቁልፍ ስጫን ወደሚቀጥለው ቁጥር ያሻግረኛል፤ ጣቴ ሳላዘው ነው የሚጫነው። በዚህኛው ግን ታብ ማውሱ ያረፈበትን ብረት ይደብቀዋል። ብረቶቹ አልጠፉም ነበር። ሰባቱ ተደብቀው እኔ በላያቸው ላይ ሌላ ሰባት ተክያለሁ!

እንዴት እንደሚመለሱ አላስታውስም። ስድስት ደቂቃ ቀረ። ዝርዝሩ ላይ 18ን አጥፍቼ 11 ብዬ መጻፍ ግን እችላለሁ። ማንም አያውቅብኝም። እውነቱን ብናገር የጋሼ ቃል ውሸት ሊሆን ነው። ቁጥሩን ብቀይር ደግሞ የኔ ውሸት በሳቸው ስም ሊገባ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀና ብዬ አየኋቸው። አንድ ብረት ለክተው፣ ሜትሩን አንሥተው፣ ያንኑ ብረት እንደገና እየለኩ ነበር።

ተነሥቼ ዶናን ጠራኋት።

"ይሄን ፕሮግራም አላውቀውም። አስር ቀኔ ነው። ንድፉ ላይ አስራ አንድ ብረት አለ፣ ዝርዝሩ አስራ ስምንት ይላል። ሰባቱን ሳላውቅ ደብቄያቸዋለሁ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ቁጠሪ ያለሽ ማነው?"

"ማንም።"

ሁለት ቁልፍ ተጫነች፤ ሰባቱ ብረቶች ተመልሰው ብቅ አሉ። "እዚህ ያሉት እንኳ አይቆጥሩም። ለአንድ በረንዳ እጥፍ ብረት ቆርጠን እናውቃለን" አለች። አልሳቀችም። "እናሳውቅሻለን" ብላ ሸኘችኝ።

መኪና ውስጥ ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ መብራት አለፍን፣ ሁለት መብራት አለፍን። ማልቀስ ልጀምር ስል ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦

"አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ እኮ 'አንድ ወር ስጫት' እላት ነበር! ማን ከለከለሽ?"

"እትዬ አልማዝ እያዩኝ ነበር።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "አልማዝ እኮ መነጽሯን ረስታ ነው የመጣችው! ማንን እንደምታይም አታውቅም!"

የማክሰኞው ኢሜይል መጨረሻ ላይ ዶና አንድ መስመር ጨምራለች፦ "ስትመጪ መቁጠርሽን እንዳትተዪ።" ደጋግሜ አነበብኩት። አሁንም ታብን ስጫን ልቤ ድው ይላል፤ ግን ደስ በሚል ዓይነት ነው።

እናንተም ካልጋሪ ካላችሁ፣ አንገታችሁን ነቅንቃችሁ ቤት ገብታችሁ የተጨነቃችሁበት የኮምፒውተር ነገር ካለ፣ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ላፕቶፔን ይዤ እቀመጣለሁ። ኑ። መግቢያው "አላውቅም" ማለት ብቻ ነው። ካፈራችሁ እኔ ቀድሜ እላለሁ።