ስድስት ኦም

ዛሬ ባትሪ ቻርጅ ከሚደረግበት ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የአሲዱ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ወዲያው ቆቦ፣ አባቴ የመኪና ባትሪ ከሚጠግንበት ክፍል ገባሁ።

የስልሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ነው። ዘሃራ ከእናቷ ጋር ከሮቢት በእግሯ መጥታ እኛ ግቢ ተጠግታለች። እንደ እኔው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንገቷ ከመቅጠኑ የተነሳ ሻሿ የሚከብዳት ይመስል ነበር።

አባቴ እህል የጫነ መኪና መብራት እየጠገነ ነው። አምፖሉን ከባትሪው አገናኝቶ ለካና፣ «ቮልቱ አሥራ ሁለት፣ አምፔሩ ሁለት። ሬዚስታንሱ ስንት ነው? ያወቀች አምፖሉን ትገጥማለች» አለን።

አምፖል መግጠም ሁልጊዜ የእኔ ሥራ ነበር። ቸኩዬ አባዛሁና «ሃያ አራት!» አልኩ።

«ይካፈላል እንጂ። ስድስት ኦም ነው፣ አባባ» አለች ዘሃራ ቀስ ብላ።

«ማሻአላህ! ዋቱስ?»

«ሃያ አራትማ እሱ ነው።»

አባቴ ሳቀብኝ። «አየሽ ልጄ፣ ቁጥሩስ ልክ ነበር፤ ያልተጠየቅሽውን መለስሽ እንጂ።»

ዘሃራ ረሃቡ አቅም ስላሳጣት አምፖሉን በሁለት እጇ ይዛ ትገጥም ጀመር። አምፖሉ እንዲወድቅባት ተመኘሁ። አልወደቀም፤ በራ። አባቴ ራሷን ዳበሳት።

በሳምንቱ እናትና ልጅ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ደሴ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማንም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከዚያ የከበደ ስንት ሂሳብ ሠራሁ። አባቴ ግን ቤት በሄድኩ ቁጥር «ያቺ ልጅ የት ደርሳ ይሆን?» ይለኛል። ሲጠይቀኝ ድምፁ ይለሰልሳል። እኔም፣ አሁንም፣ እቀናለሁ።